ማንኪያውን ለአማትሽ ስጪያቸው

ከባሕር ዳር የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? ልጄ 13 ወሩ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ብቻ ሰባት ጊዜ ወጥቶታል። ውሃ ውሃ ነው፣ ደም የለውም። ሁለቴም አስመልሶታል። አማቴ ከዘጌ መጥተው እኛ ጋር ናቸው። ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ግግ ይዞታል፣ የሚያወጣለት ሰው አውቃለሁ ይሉኛል። ጡቱንም ውሃውንም ቀንሺለት፣ በገባ ቁጥር እየወጣ ነው ይላሉ። ከፋርማሲ ኦአርኤስ እና አንድ ሽሮፕ ገዛሁ። ኦአርኤሱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት፣ ወዲያው አስመለሰው። ተቅማጡም አልቆመም። ባለቤቴ ለሥራ ጎንደር ነው። ከአማቴ ጋር መጣላት አልፈልግም፣ ልጄም እንዲጎዳብኝ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ በዚያው ማታ በስልክሽ ልኬልሻለሁ። ይሄ ረጅሙ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣልኝ ሌሎችም ያንብቡት ብዬ ነው፣ በተለይ ከአማቷ ጋር የምትኖር ሁሉ።

ከብርጭቆዋ ልጀምር። ሌላው ይቆየን።

አንዱ የኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ከረጢት የተሠራው ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። በብርጭቆ ስትበጠብጪው ጨውና ስኳሩ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ያኔ ልጁን ያስመልሰዋል፣ ይብስ ይጠማዋል፣ ተቅማጡም ይጨምራል። ስለዚህ «ኦአርኤስ አልተስማማውም» እንዳትዪ። ያልተስማማው ብርጭቆዋ ናት። የሸጠልሽ ሰውም አንዲት ቃል ቢነግርሽ ምን ነበረበት?

እኔም ብሆን በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ነርስ ሆኜ ሐይቁ ዳር ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። «በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጪው» ብዬ ሁለት ከረጢት ሰጥቼ ሸኘኋት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። በማግስቱ ልጁ ብሶበት ተመለሰች። በምን በጠበጥሽው ስላት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የቡና ስኒ አወጣች። ለካ ሊትር እኔ አፍ ላይ ነበር እንጂ እሷ ቤት አልነበረም። ልጁ ተኝቶ ታክሞ ዳነ፣ እግዜር ይመስገን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ባዶ ሃይላንድ ከጠረጴዛዬ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

አንቺም ሃይላንድ ፈልጊ። ባለ አንድ ሊትሩ ከሆነ ግልግል ነው። ባለ ግማሽ ሊትሩ ከሆነ ሁለቴ ሞልተሽ ንጹሕ ማሰሮ ወይም ጆግ ውስጥ ገልብጪው። ባለ ሁለት ሊትሩን ብቻ ካገኘሽ ከጎረቤት ባለ ግማሽ ሊትር ተዋሺና ሁለቴ ለክተሽ ጨምሪበትና የደረሰበት ላይ በእስክርቢቶ አስምሪ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ከረጢቱን ሙሉውን ጨምሪ፤ ግማሹን ለነገ ማስቀመጥ የለም። ስኳር አትጨምሪበት። ወተት ወይም ለስላሳ ውስጥም አትበጥብጪው። ከዚያ ራስሽ ቅመሺው። እንባ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ አይደል? ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለሽ ተሳስተሻል፣ ድፊውና እንደገና ጀምሪ። ክዳን አድርጊበት። 24 ሰዓት ከሞላው በኋላ የተረፈውን ድፊና አዲስ በጥብጪ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቅሬታሽ። «ተቅማጡም አልቆመም» ብለሻል።

አይቆምም። ኦአርኤስ ተቅማጥ አያቆምም። ይሄን ማንም በግልጽ ስለማይነግራቸው ነው እናቶች አንድ ቀን ሰጥተው «አይሠራም» ብለው የሚጥሉት። አብዛኛው የልጅ ተቅማጥ በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ልጅን የሚጎዳው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ማለቁ ነው። የሚያንጠባጥብ እንስራ አስቢ። ቀዳዳውን አሁን መድፈን አትችዪም፣ ቀዳዳው ራሱ ይደፈናል። እስከዚያ ያንቺ ሥራ ከላይ መሙላት ነው። እና ልብ በይ፣ አማትሽ «በገባ ቁጥር ይወጣል» ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ግን ባይገባም ይወጣል። ባዶ አፍ ያለው ልጅ ከደሙና ከሥጋው ነው የሚያስቀምጠው።

ለምን ንጹሕ ውሃ ብቻ አይበቃም ብትዪ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ጨው ተያይዘው የሚገቡበት በር አለ። ልጁ እያስቀመጠውም ይሄ በር አይዘጋም። ሁለቱ ተመጣጥነው ሲመጡ ይገባሉ፣ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ለስላሳ፣ የታሸገ ጁስና ጣፋጭ ሻይ ስኳራቸው በዝቶ ጨዋቸው ስላነሰ ውሃውን ጭራሽ ወደ አንጀት ይስቡታል። ለዚህ ነው ለስላሳ ለልጅ ተቅማጥ አይሆንም የምንለው፤ ጋዙን ብታወጪለትም ያው ነው። ይሄ ዕውቀት ውድ ዋጋ የተከፈለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ ባሉ የስደተኞች ካምፖች ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ጨውና ስኳር በርሜል ውስጥ አስበጥብጦ ሰዉን በአፉ አጠጣ። እሱ ባለበት ቦታ የሞት መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ ወደ 4 በመቶ አካባቢ ወረደ። ያስታምሙ የነበሩት በአብዛኛው የታማሚዎቹ ቤተሰቦች ነበሩ፣ እንደ አንቺና እንደ አማትሽ።

ደህና፣ እንዴት ነው የሚሰጠው?

በማንኪያ። በጡጦ አይደለም፤ ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል፣ ልጁም በአንዴ ጠጥቶ በአንዴ ያስመልሰዋል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በየደቂቃው አንድ ማንኪያ ብትሰጪው በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየሁለት ደቂቃው ከሆነ 150። ሲያዩት የሚያናድድ አሰጣጥ ነው፣ አውቃለሁ። ማንኪያ ትሰጪዋለሽ፣ ግማሹ አገጩ ላይ ይፈሳል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ትጠብቂያለሽ፣ እንደገና ትሰጪዋለሽ። መብራት ሄዶ በስልክ ባትሪ ማንኪያ መቁጠር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ግን ሆድ የሚቀበለው እንዲህ ሲሰጠው ነው።

ካስመለሰው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቂና እንደገና ጀምሪ፤ አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ፣ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። አንዴ አስመለሰ ማለት ሁሉም ወጣ ማለት አይደለም፣ ቀድሞ የገባው ሠርቷል። ልክ ከፈለግሽ ደግሞ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስጪው። አንድ የቡና ስኒ ያህል ነው ብለሽ ያዢው። (እነሆ ስኒዋ ቦታዋን አገኘች፦ ለመበጥበጥ ሳይሆን ለመለካት።) ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ እጥፉን። የበለጠ ከፈለገ አትከልክዪው።

ጡት አትቀንሺበት፣ ጨምሪበት። ጡት ውሃ አለው፣ ምግብ አለው፣ መከላከያ አለው፣ ሆዱ ሲታመምም የሚቀበለው ነገር ነው። ልጁ ሲነጫነጭ ዝም የሚያሰኘውም እሱ ነው፣ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

ቤት ውስጥ ኦአርኤስ ባይኖርና ሱቅ ቢዘጋስ? እስኪነጋ የሚያደርስ ነገር አለ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ጉብ አይበል፣ በቢላ ጀርባ ጥረጊው። ጨው ከበዛ ልጅ ላይ አደጋ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ በእጅ ቆንጠር ማድረግ አይፈቀድልሽም፤ ወጥ ላይ ባለሙያ ብትሆኚም። ጠዋት ኦአርኤሱን ግዢ።

አሁን ወደ ግግ።

የጥርስ ማብቀያ ጊዜና የተቅማጥ ጊዜ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ይሄ እውነት ነው። አማትሽ አልዋሹም፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። ግን ምክንያቱ ድዱ አይደለም። ልጅ ከስድስት ወሩ በኋላ ሌላ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ጫማ፣ ቁልፍ፣ ዶሮ የረገጠችው መሬት ላይ የወደቀ ዳቦ። ሆዱን የሚያሳምመው እሱ ነው። ግግ የሚሉትን ሲያወጡ ደግሞ ከድዱ የሚያወጡት ገና ያልበቀለውን ጥርስ ነው። ባልተቀቀለ መሣሪያ የሕፃን ድድ መቅደድ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ ቴታነስና ሌላ በደም የሚተላለፍ በሽታም ሊያመጣ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ልጁ አፉን እያመመው ምንም አይጠጣም። መጠጣት አለበት እያልን አፉን መዝጋት ነው። እዚህ ላይ ለማንም ብለሽ አትለሳለሺ። እንጥል ይቆረጥ የሚል ቢመጣም መልሱ ያው ነው።

ግን «አይሆንም» ብቻ ብለሽ ከተውሻቸው ቤቱ ይረበሻል። አማትሽ ዘጌ ላይ ልጆች አሳድገዋል። የታመመ ልጅ አጠገብ ሆነው እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይችሉም። አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማንኪያውን ስጪያቸው። «እማማ፣ እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ እርስዎ እጅ ላይ ነው ደስ ብሎት የሚጠጣው፣ በየደቂቃው አንድ ማንኪያ ብቻ» በያቸው። ስለ ሊትርና ስለ አንጀት በር አታስተምሪያቸው። ይሄን ከምትነግሪያቸው የማንኪያውን ሥራ ስጪያቸው፤ እኔ እንዳየሁት አያቶች ከእኛ ይልቅ ትዕግሥት አላቸው፣ ስልክም አይነኩም። ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ልጁ ሲሸናና ዓይኑ ሲከፈት ራሳቸው ያዩታል። ከዚያ በኋላ ለጎረቤት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፣ ያኔ ደግሞ «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ቢሉ ዝም በያቸው።

ቀጭን የገብስ አጥሚት ወይም የሩዝ ውሃ ትንሽ ጨው ጣል አድርገው ላብስልለት ካሉ፣ እሰየው፣ ያብስሉ። ፌጦና ጤና አዳም ግን ለዚህ ልጅ ይቅሩ።

ሽሮፑን በተመለከተ ስሙን አልጻፍሽልኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ፦ ጠርሙሱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና አስነብቢ፣ እስከዚያ አትስጪው። ደም የሌለው ውሃ ውሃ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን አያስፈልገውም። ሜትሮኒዳዞሉ፣ ኮትሪሞክሳዞሉ፣ ሌላውም ሌላውም ቫይረስ ላይ አይሠሩም፣ ሆዱን ግን ያሳምሙታል። ተቅማጥ ማቆሚያ የሚባሉት እንደ ሎፔራማይድ ያሉትማ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጡም፣ አንጀቱን አስረው ይጎዱታል። «ቶሎ የሚያቆም» ብለሽ አትጠይቂ። ይሄን ስትጠይቂ ነው ሻጩ የማይገባውን የሚያወጣልሽ።

መግዛት ያለብሽ ዚንክ ነው። ለአንቺ ልጅ 20 ሚሊ ግራሙን በቀን አንድ፣ ለ10 ቀን። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ልጅ ግማሹ ነው። ማንኪያ ላይ በጡትሽ ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ይሟሟል፣ መጥፎ ብረት ብረት የሚል ጣዕም አለው፣ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል። ዚንክ ተቅማጡን ያሳጥራል፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ወራትም ደግሞ እንዳይመለስ ይረዳል። ሁሉም የሚሳሳተው በሦስተኛው ቀን ልጁ ሲሻለው ማቆሙ ላይ ነው። አሥሩንም።

ምግቡን አትከልክዪው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ሙዝ፣ የተፈጨ ድንች፣ እርጎ፣ ዘይት ጠብ ያለበት ገንፎ፣ በርበሬ የሌለው አልጫ ሽሮ ፍትፍት። አልበላም ካለ አታስገድጂው፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሞክሪ። ካገገመ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ከወትሮው አንድ ማዕድ ጨምሪለት፣ የከሳውን ይመልሳል።

አሁን የማልቀልድበት ቦታ ላይ ደርሰናል።

ልጁን እዪው። ሲያለቅስ እንባ አለው? አፉ ውስጥ ጣትሽን አስገቢ፣ ይርሳል? እርግብግቢቱ ካልተዘጋ ጎድጉዷል? ዓይኑስ? እምብርቱ አጠገብ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገሽ ልቀቂው። ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። እንደ ታጠፈ ጨርቅ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውሃ አልቆበታል፣ ተነሺ። ስድስት ሰዓት ያህል ሳይሸና ከቆየ ተነሺ። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የሰጠሽውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ዝም ብሎ እንደ ጨርቅ ከተዘረጋና ስትጠሪው ካላየሽ፣ ሰዓት አትጠብቂ። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ ሳያቋርጥ የሚወርደው ከሆነም እንዲሁ፤ ያ ኮሌራ ሊሆን ይችላል፣ የኮሌራ ሰዓቱ አጭር ነው። ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ተቅማጥ ከያዘው ቤት አይታከምም፣ ቀጥታ ይወሰዳል። 14 ቀን ያለፈው ተቅማጥም እንደዚሁ።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ላለሽ ነገሩ ቀላል ነው። ባጃጅ ይዘሽ ቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገ እነሱ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኩሻል። ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ሆና ይሄን የምታነብ እናት ካለች ግን ሌላ ሒሳብ አላት። ማታ ጀልባ የለም፣ ማዕበልም አለ። ስለዚህ «እስቲ እስከ ማታ ልየው» አይባልም፤ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ሳይሻለው ከታየሽ ያኔ ወስኚ። መንገድ ላይም ሃይላንዱን ይዘሽ ማንኪያዋን አታቁሚ። ጀልባ ላይ ማንኪያ መስጠት ይቻላል፣ ሞክሬዋለሁ፣ ልብስ ይበላሻል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

ስለ ውሃ አንድ ነገር። ዳር ላይ ያደጉ ሰዎች «የጣና ውሃ ወራጅ ነው፣ ችግር የለውም» ይላሉ። አባቴም ይል ነበር። ያ ሐይቅ ከተማ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ዝናብ ሲጥል ማሳውና ሜዳው ሁሉ ታጥቦ የሚገባበት ነው። እምቦጩን ተዪው፣ ዓይን የማያየው ነው የሚያሳምመው። የቧንቧ ውሃም ቢሆን በጀሪካን ሁለት ቀን ከዋለና ልጆች ጣሳ ከነከሩበት ያው ነው። ለልጁ የሚሆነውን አፍዪ። ዳይፐሩን ከቀየርሽ በኋላ በሳሙና ታጠቢ፣ አማትሽም ይታጠቡ፣ በዚህ ላይ የሚቀየም የለም።

የክትባት ካርዱንም ፈልጊና እዪው። ሮታ የሚባለው ክትባት በ2006 ዓ.ም. ነው አገራችን የገባው። በስድስትና በአሥር ሳምንት በአፍ ይሰጣል፣ ከባዱን ተቅማጥ በብዙ ይቀንሳል። ልጅሽ ከወሰደው እንኳ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል፣ ግን ቀለል ይላል። ካመለጠው ጤና ጣቢያው ላይ ጠይቂ፣ ለቀጣዩ ልጅም አስቢበት። የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ግን ሁለት ወር ነው የቀረው፣ እሱ እንዳይረሳ፤ ኩፍኝም አንዱ ጣጣው ተቅማጥ ነው።

ለባለቤትሽ ደውዪለት፣ ለእናቱ ስለ ግጉ እሱ ይንገራቸው። ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው። አንቺ ደግሞ አማትሽ ማንኪያውን ሲይዙልሽ ሁለት ሰዓት ተኚ። ስትነቂ መጀመሪያ ዳይፐሩን ንኪ፣ ሽንት ካለ ሃይላንዱ ላይ ስንት እንደቀረ እዪና አማትሽን ቡና አፍዪላቸው።